ሶኬቱ ገጠመ፣ ጆይስቲኩ ግን ዝም አለ

የአንባቢያን ጥያቄ

ካለፈው እትም ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አሮጌ የጌም ኮንትሮለር ናቸው። አምስቱም ዞረው ዞረው የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፦ «የትኛውን አዳፕተር ልግዛ?» እኔ ደግሞ ክፉ አመል ሆኖብኝ ጥያቄን በጥያቄ እመልሳለሁ። ኮንትሮለሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያወራው በምን ቋንቋ ነው? ይህን ሳያውቁ አዳፕተር መምረጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሶኬቱ ቅርጽ ስለ ቋንቋው የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጤና ይስጥልኝ። ዕቃ ቤት ሳጸዳ በወጣትነቴ የበረራ ጌም የምጫወትበትን ጆይስቲክ አገኘሁ። የገመዱ ጫፍ ባለ 15 ፒን ነው። ከ15 ፒን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ገዝቼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃ እንደተገኘ ነገረኝ፤ መያዣውን ግን ባወዛውዘው ባወዛውዘው ምንም የለም። የሞተው አዳፕተሩ ነው ወይስ ጆይስቲኩ?»

ሁለቱም በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያልተግባቡ ብቻ ይመስለኛል።

ያ ሶኬት ጌምፖርት ይባላል። አይቢኤም በ1981 ለመጀመሪያው ፒሲው ካቀረበው የጌም ካርድ የመጣ ነው፤ በኋላ ሳውንድ ካርዶች ጀርባቸው ላይ ይዘውት ዞሩ። ፒኖቹ በሁለት ረድፍ፣ 8 ከላይ 7 ከታች ሆነው ይደረደራሉ። በሦስት ረድፍ ከተደረደሩ በእጅዎ ያለው የሞኒተር ገመድ ነውና ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ «15 ፒን» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይተው የሞኒተር ማስማሚያ ገዝተው የመጡ ሰዎች ገጥመውኛል።

አሁን ወደ ቋንቋው። በመጀመሪያው ዓይነት፣ አናሎግ በሚባለው ጆይስቲክ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያሉት ሁለት ፖቴንሽዮሜትሮች ናቸው፤ የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ዓይነት። መያዣውን ከጥግ እስከ ጥግ ሲገፉት ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የመግታት አቅሙ) ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ ወደ 100 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ታዲያ ምን ያደርጋል? ካርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) በዚያ ሬዚስታንስ በኩል እስክትሞላ ድረስ ይቆጥራል። ቶሎ ከሞላች መያዣው በአንዱ ጫፍ ነው፤ ከዘገየች በሌላው። በአይቢኤም ቀመር ቆይታው ከ24 ማይክሮ ሰከንድ እስከ 1.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ቆጣሪው ፕሮሰሰሩ ራሱ ስለነበር ፈጣን ኮምፒውተር ብዙ ይቆጥራል፣ ቀርፋፋው ትንሽ። በዚያ ዘመን ጌም በጀመርን ቁጥር «መያዣውን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ገፍተህ ቁልፍ ተጫን» እየተባልን የምንታዘዘው ለዚህ ነበር።

የዚህ አሠራር ጣጣው ጠባብነቱ ነው። አንድ ጌምፖርት አራት አክሲስ (እንደ ግራና ቀኝ ያለ የእንቅስቃሴ መስመር) እና አራት ቁልፍ ብቻ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ አምራቾቹ ብልሃት ፈለጉ። እንደ ማይክሮሶፍት ሳይድዊንደር 3ዲ ፕሮ (1995) እና ግራቪስ ጌምፓድ ፕሮ ያሉት ውስጣቸው ቺፕ ተደረገላቸውና ቁልፎቹ በሚያልፉባቸው ሽቦዎች ላይ ዜሮና አንድ መላክ ጀመሩ። ሶኬቱ ያው ነው፣ ፒኑ ያው ነው፣ ንግግሩ ግን ሌላ ነው። ርካሹ አዳፕተር ሬዚስታንስ መለካት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዲጂታል ጆይስቲክ ሲሰኩበት ለማያውቀው ቋንቋ ጆሮ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ «ተገኘ» ያለዎት ደግሞ አዳፕተሩን ነው፤ ጆይስቲኩን አላየውም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያንሱ። 200 ኪሎ ኦም ላይ ያድርጉት። በሶኬቱ ፕላስቲክ ላይ የፒኖቹ ቁጥር በጣም በደቃቁ ተቀርጿል፤ በሞባይል ካሜራ ቢያጎሉት ይነበባል። አንዱን የቴስተር ጫፍ 1ኛው ፒን ላይ፣ ሌላውን 3ኛው ላይ ይያዙና መያዣውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ይግፉት። ቁጥሩ አብሮ ከሄደ፣ መሐል ላይ ሲለቁትም ከ50 ብዙ ካልራቀ ጆይስቲኩ አናሎግ ነው፣ በዚህ አቅጣጫም ጤነኛ ነው። ከ1 እና ከ6 ጋር ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩ። ቁጥሩ እየሄደ አንድ ቦታ ላይ ብድግ ቁጭ ካለ እዚያ ቦታ የካርቦኑ መንገድ ቆሽሿል፤ ፖቴንሽዮሜትሩ ላይ አልኮል ጠብ አድርገው ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማዞር ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ለቁልፍ፣ 2ኛውንና 4ኛውን ፒን ይዘው ቃታውን ይጫኑ፤ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። መያዣውን ሲገፉት ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ የእርስዎ ዲጂታል ነው ብዬ እወራረዳለሁ። አንዳንዶቹ ወደ አናሎግ የሚመልስ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸውና ሆዱን ገልብጠው ይዩት።

አናሎግ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ወጥመድ አለ፤ አውራ ጣት ላይ ያለችው የመመልከቻ ቁልፍ፣ ሃት የምንላት። ለእሷ የተመደበ ሽቦ ስላልነበረ አምራቾች እንደየፈቃዳቸው ሠሯት። ሲኤች ፍላይትስቲክ ፕሮ ሃቷን የብዙ ቁልፍ ቅንጅት አድርጎ ይልካል፦ ወደ ላይ ሲያዩ እነዚህ ቁልፎች አብረው የተጫኑ ያስመስላል። በዚህ ምክንያት ሃቷን ይዞ መተኮስ አይቻልም። ትረስትማስተር ኤፍሲኤስ ደግሞ ሃቷን በአራተኛው አክሲስ ላይ በተለያየ ሬዚስታንስ ይልካል። ተራ አዳፕተር ላይ የመጀመሪያው ዓይነት ሳይነኩት ቁልፍ የሚጫን፣ ሁለተኛው ትሮትሉ (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው) የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ አዳፕተር ሲመርጡ ሁለቱን አሠራር የሚለይ ማብሪያ ወይም ማስተካከያ እንዳለው ይጠይቁ። «ሁሉንም ይሠራል» የሚል ማሸጊያ ብቻ ካለው እኔ አልገዛውም።

ዲጂታል ከሆነ መንገዱ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ) ያለበት አዳፕተር ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፤ እጅዎ ብየዳ ከለመደ ደግሞ አርዱዊኖ ፕሮ ማይክሮ በምትባል እንዲህ ያለ ቺፕ ባላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚጫኑ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ቺፑ ኤቲሜጋ 32ዩ4 ይሁን፤ እሱ ዩኤስቢው ከውስጡ ስለሆነ ራሱን ለኮምፒውተሩ «ጆይስቲክ ነኝ» ብሎ ያቀርባል። ብዙ ሰው ቤት ያለው አርዱዊኖ ዩኖ ዋናው ቺፑ ይህን አይችልም። ሁለተኛ፣ ባለ 5 ቮልቱን ይውሰዱ፤ ጌምፖርት የ5 ቮልት ዘመን ልጅ ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ከገመድ ክምር ውስጥ በአንድ በኩል 15 ፒን፣ በሌላው ዩኤስቢ የሆነች ቆንጆ ማስማሚያ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አንድ አናሎግ ጆይስቲክ ሰካሁባትና ሁለት ምሽት ሙሉ ድራይቨር ስፈልግ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ተናድጄ ሰንጥቄ ስከፍታት ውስጧ ከሽቦ በቀር ምንም የለም! ለካ ከሳይድዊንደር ፕሪሲዥን ፕሮ ጋር በአንድ ካርቶን የምትመጣ ናት። ያ ጆይስቲክ ራሱ የጌምፖርቱንም የዩኤስቢውንም ቋንቋ ስለሚችል ማስማሚያዋ ሽቦ ከማቀያየር ሌላ ሥራ የላትም። ለሌላ ጆይስቲክ ጌጥ ናት።

የእርስዎ ጆይስቲክ መሠረቱ ከባድ፣ የራሱ የኃይል ማስገቢያ ያለው፣ ጌም ውስጥ እጅን የሚገፋው ሳይድዊንደር ፎርስ ፊድባክ ፕሮ (1997) ከሆነ ደግሞ ቆም ይበሉ። የግፊቱ ትዕዛዝ የሚመጣለት ጌምፖርቱ ለሙዚቃ መሣሪያ በያዘው የሚዲ መስመር ነው። ተራ ዲጂታል አዳፕተር እንቅስቃሴውን ያነብልዎታል፤ ሞተሮቹ ግን ተኝተው ይቀራሉ። ለእሱ የሚዲውን መስመር ጭምር የሚናገር፣ በስሙ ለይቶ የተሠራ አዳፕተር ይፈልጉ።

አሮጌ ሳውንድ ካርድ ገዝተው እዚያው ላይ ለመሰካት ካሰቡ ደግሞ አይድከሙ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ጌምፖርትን ትቶታል።

«ሰላም ጋሼ። የኤክስቦክስ 360 ኮንትሮለር፣ ገመድ አልባው፣ ከታላቅ ወንድሜ ደረሰኝ። ቻርጅ ማድረጊያ ገመዱም አለ። ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል፤ ጌሙ ግን አያየውም። ብሉቱዝም ሞከርኩ፣ አላገኘውም። ገመዱን ልቀይር?»

አትቀይር ጎበዝ፤ አሥር ገመድ ብትቀያይር ያው ነው። ያ ገመድ ኃይል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቁልፍ ስትጫን መልእክቱ የሚሄደው ሁልጊዜ በአየር ነው፣ ገመዱ ተሰክቶም ቢሆን። አየሩ ላይ የሚሄደው ደግሞ ማይክሮሶፍት ለራሱ የሠራው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ እንጂ ብሉቱዝ አይደለም፤ ስለዚህ የብሉቱዝ ዶንግልም አያድንህም። የሚያስፈልግህ ለ360 ኮንትሮለር የተሠራ፣ ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ሪሲቨር (ሬዲዮውን የሚቀበል ዕቃ) ነው። አንዱ እስከ አራት ኮንትሮለር ይይዛል፤ ወንድምህም ናፍቆት ቢመለስ ቦታ አለው።

ዛሬ በብዛት የምታገኘው አስመስለው የሠሩትን ነው። ብዙዎቹ ይሠራሉ፤ ብቻ ዊንዶውስ በራሱ አያውቃቸውም። ዲቫይስ ማኔጀር ግባ፣ «ያልታወቀ ዕቃ» የሚለውን በቀኝ ተጫን፣ ድራይቨር አድስ በል፣ «ከኮምፒውተሬ ዝርዝር ልምረጥ» የሚለውን ያዝ፣ ከዝርዝሩ «ኤክስቦክስ 360 ፔሪፈራልስ» ውስጥ «ዋየርለስ ሪሲቨር ፎር ዊንዶውስ» የሚለውን ምረጥ። ያስጠነቅቅሃል፤ እሺ በል። ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ ተጫን፣ ወዲያው ኮንትሮለሩ አናት ላይ በሁለቱ የትከሻ ቁልፎች መካከል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫን። የመሐሉ ክብ መብራት ሲሽከረከር ቆይቶ አንዱ ሩቡ ብቻ በርቶ ከቀረ ተገናኝተዋል።

አንድ ምክር ጨምሬ ልልቀቅህ። ሪሲቨሩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከዩኤስቢ 3 ዲስክ አጠገብ አትሰካው። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 ይህን የሚያስረዳ ሰነድ አውጥቷል። ጫጫታው ሲበዛ ኮንትሮለሩ የሰነፈ ይመስልሃል፣ ቁልፍ ይዘልላል፣ አንተም ባትሪውን ትረግማለህ። በአጭር ማስረዘሚያ ገመድ ጠረጴዛው ላይ አውጣው።

«እኔና ልጆቼ የድሮ የፕሌይስቴሽን 2 የዳንስ ምንጣፍ አለን። ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር አዳፕተር ኮምፒውተር ላይ ሰካነው፤ አራቱም ቀስቶች ይሠራሉ። ግራና ቀኝን አንድ ላይ መርገጥ ሲመጣ ግን አይቆጥርልንም። ልጆቹ እግርሽ ከበደ ይሉኛል!»

እህቴ፣ እግርሽ ምንም አላለም፤ ለልጆቹ ይህን ገጽ አንብቢላቸው።

በተራ ኮንትሮለር ላይ አራቱ ቀስቶች ከአንድ መስቀል ቅርጽ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ግራው ሲወርድ ቀኙ ይነሳል፤ ሁለቱን እኩል መጫን አይቻልም። አዳፕተሩን የሠራው ሰው ያሰበው ያንን ኮንትሮለር ነው፤ ቀስቶቹን እንደ አንድ የአቅጣጫ መርፌ አድርጎ ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። መርፌ ደግሞ በአንድ ጊዜ ግራንም ቀኝንም አያሳይም። በሁለት እግር ዘለሽ ስታርፊ አዳፕተሩ ግራ ይገባውና ወይ አንዱን ይጥላል ወይ ሁለቱንም።

የሚያስፈልግሽ ቀስቶቹን እንደ አራት የተለያዩ ቁልፎች የሚያስተላልፍ አዳፕተር ነው። አንዳንዱ ምንጣፍ መሆኑን በራሱ ይለያል፤ አንዳንዱ ሲሰካ አንድ ቁልፍ ተረግጦ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ርካሽ ግን ጭራሽ አያውቀውም። ሻጩ «የዳንስ ምንጣፍ ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ ሊያሳይሽ ካልቻለ ተይው። በእጅሽ ያለውን ለመፈተን የዊንዶውስን የጌም ኮንትሮለር መሞከሪያ መስኮት ክፈቺና ቀስት እርገጪ። ቁጥር ያለባቸው ቀያይ ክቦች ከበሩ ጥሩ ነው። ክብ ሰዓት የመሰለው ላይ ያለችው ቀስት ከዞረች ያልኩሽ መርፌ እሷ ናት፤ አዳፕተሩ ይመለስ።

«ባለ ዩኤስቢ አሮጌ ጌምፓዴ በድሮ ጌሞች ይሠራል፣ በአዲሶቹ አይሠራም። ምን አዳፕተር ያስፈልገኛል?»

ምናልባት ምንም። ጌምፓድህ የሚናገረው ዳይሬክትኢንፑት የሚባለውን የቆየ የዊንዶውስ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ኤክስኢንፑትን አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጌም ሠሪዎች እሱን ብቻ ነው የሚሰሙት። ይህ የሶፍትዌር ጉዳይ ስለሆነ ትርጉሙንም ሶፍትዌር ይሥራው፤ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የኮንትሮለር ማስተካከያ በነፃ ያደርገዋል። ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ጌምፓድህ ሁለት አናሎግ ስቲክ ከሌለው ግን የትኛውም ተርጓሚ ሶፍትዌር ያልነበረውን ስቲክ አይፈጥርም።

«የኤክስቦክስ ዋን ኮንትሮለር በሰው እጅ ልገዛ ነው። ብሉቱዝ ይኑረው አይኑረው እንዴት አውቃለሁ? የጆሮ ማዳመጫስ?»

ከሩቅ የሚታይ ምልክት አለ። መሐል ላይ ያለውን ትልቁን የኤክስቦክስ ቁልፍ የከበበውን ፕላስቲክ እይ። ከፊት ገጹ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ በ2016 ከመጣው ወገን ነው፣ ብሉቱዝ አለው። ከላይ ከትከሻ ቁልፎቹ ጋር የተያያዘ ሌላ ቁራጭ ከሆነ የቀድሞው ነው፣ የለውም፤ በዩኤስቢ ገመድ ወይም ማይክሮሶፍት ለፒሲ በሠራው የኤክስቦክስ ገመድ አልባ አዳፕተር ብቻ ይሠራል። ይኸኛው ገመድ፣ እንደ 360ው ሳይሆን፣ ቁልፎቹንም ያስተላልፋል። ብቻ መረጃ የሚያሳልፍ ገመድ ይሁን፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር ከሚመጡት መካከል ኃይል ብቻ የሚያሳልፉ አሉ።

የጆሮ ማዳመጫውን በተመለከተ የ2013ቱ የመጀመሪያው ሞዴል ክቡን የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የለውም፤ ታች የሚሰካ የስቴሪዮ ሄድሴት አዳፕተር ይፈልጋል። ከ2015 ወዲህ ያሉት ቀዳዳው አላቸው። በብሉቱዝ ስትጫወት ግን ያ ቀዳዳ ድምፅ አይሰጥም። ድምፁን በኮንትሮለሩ በኩል ከፈለግህ ገመዱን ወይም ገመድ አልባ አዳፕተሩን ተጠቀም፤ ያለዚያ ማዳመጫውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው።